ወፍ ዘራሽ ቆሽት

በአማርኛ የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቋንቋችን ልብን ለድፍረት፣ አንጀትን ለርኅራኄ፣ ቆሽትን ደግሞ ለንዴት ደልድሏል። ይሁንና ቆሽት በትክክል የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን መልሱ ይጠፋብናል። አንዳንዱ ሰው ቆሽትንና ጣፊያን ያምታታቸዋል፤ አንዳንድ ጽሑፎችም ሁለቱን ስሞች እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ቆሽት የምንለው በጨጓራና በአከርካሪ አጥንት መካከል አግድም የተጋደመውን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውንና ክብደቱ ከ100 ግራም ብዙም የማያልፈውን ዕጢ ነው። ሐኪሞች ፓንክሪያስ ይሉታል።

ይህ ዕጢ ሁለት ሥራዎችን ደርቦ ይሠራል። አንደኛው በቀን ከ1 ሊትር በላይ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ አመንጭቶ፣ በቱቦ አማካይነት፣ ዱዮዲነም ወደሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ማፍሰስ ነው። ሁለተኛው ኢንሱሊንንና ሌሎች ሆርሞኖችን በቀጥታ ወደ ደም መላክ ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚያከናውኑት ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ ገና ተማሪ ሳለ በ1869 በማይክሮስኮፕ የተመለከታቸው ጥቃቅን የሕዋሳት ስብስቦች ናቸው። በዕጢው ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው ስለሚታዩ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ተብለዋል። በአንድ ጤናማ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ደሴቶች ይገኛሉ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከዕጢው ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጎንደር ዙሪያ ያለ ገበሬ ማንም ሳይዘራው በአጥር ጥግ ወይም በሌላ ሰብል መካከል በቅሎ ያገኘውን ቡቃያ «ወፍ ዘራሽ» ይለዋል። የቆሽት ኅብረ ሕዋስም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ይሆናል። ከዋናው ዕጢ ጋር በአካልም ሆነ በደም ሥር ሳይገናኝ በጨጓራ ግድግዳ፣ በአንጀት፣ በሐሞት ከረጢት፣ አልፎ አልፎም በደረት ውስጥ ተገኝቶ ያውቃል። ሐኪሞች ለዚህ ክስተት ኤክቶፒክ ወይም ሄትሮቶፒክ ፓንክሪያስ የሚል ስም ሰጥተውታል። እኛ የገበሬውን ቃል ተውሰን ወፍ ዘራሽ ቆሽት እንለዋለን።

የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ያጓጓኝ በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። አንድ ኅብረ ሕዋስ ከተመደበለት ቦታ ውጪ ሊኖር ከቻለ፣ እንዲኖር የሚያስችለው ምንድን ነው? መልሱ የሚያመራን ወደ ስርገት ሕግ ነው፤ ከዚያም ቆሽታቸው በቦታው እያለ ኢንሱሊን ወደ ነጠፈባቸው የሰሜን ጎንደር ደጋ ወጣቶች።

የት ይገኛል? በስንት ሰው?

ክስተቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ሹልዝ የተባለ ሐኪም እንደሆነ ይጠቀሳል፤ ዘመኑም 1727 ነው። ያገኘውም በትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል ላይ በወጣ ከረጢት መሳይ እጥፋት ውስጥ ነበር። በእርግጥም የቆሽት ኅብረ ሕዋስ መሆኑን ክሎብ በማይክሮስኮፕ ያረጋገጠው ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1859 ነው።

አብዛኛው ወፍ ዘራሽ ቆሽት የሚገኘው ከዋናው ዕጢ ብዙም ሳይርቅ፣ ማለትም በጨጓራ፣ በዱዮዲነምና ከዚያ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት ክፍል ነው። በጨጓራ ሲሆን ወደ መውጫው በር በተጠጋው የታችኛው ክፍል ያዘወትራል። ስርጭቱን በተመለከተ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በአስከሬን ምርመራ የተገኙት ቁጥሮች ከ0.5 በመቶ ተነሥተው ከ13 በመቶ በላይ ይደርሳሉ፤ በላይኛው የሆድ ክፍል ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ግን ከ500 በአንዱ ገደማ ብቻ ይታያል። ይህን የሚያህል ልዩነት የመጣው በአመዛኙ ከፍለጋው ጥልቀት ነው። ግድግዳውን በጥንቃቄ እየሰነጠቀ የሚፈልግ ብዙ ያገኛል፤ ለሌላ ጉዳይ ሆድ የከፈተ ደግሞ ዓይኑ ላይ የወደቀውን ብቻ ያያል። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመሣሪያውን የመለየት አቅም ሳይገልጹ ውጤት መጻፍ ነውር የሚሆነው ስለዚሁ ነው።

ወፍ ዘራሹ ሁልጊዜ የተሟላ ቆሽት አይደለም። ሃይንሪሽ በ1909 ባወጣው ምደባ መሠረት አንዳንዱ ኢንዛይም አመንጪ ሕዋሳትን፣ ቱቦዎችንና ደሴቶችን አሟልቶ ይይዛል፤ አንዳንዱ ደሴት ይጎድለዋል፤ አንዳንዱ ቱቦ ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላም ደሴት ብቻ የያዘ ዓይነት ተጨምሮበታል።

ወፏ ማን ናት?

ፅንስ ከተፀነሰ አንድ ወር ሲሞላው ቆሽት ገና የለም። ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስል ጥንታዊ አንጀት ነው። ከዚህ ቱቦ ሁለት እንቡጦች ይወጣሉ፤ አንዱ በጀርባ በኩል፣ ሌላው በሆድ በኩል። ዱዮዲነም ሲዞር የሆዱን እንቡጥ ይዞት ይዞራል፤ በሰባተኛው ሳምንት ገደማም ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ዕጢ ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር እያንዳንዳችን የምንሸከመው ቆሽት ከሁለት ቁራጭ የተሰፋ ነው።

የመጀመሪያው መላ ምት የሚነሣው ከዚሁ ጉዞ ነው። በሚሽከረከረው እንቡጥ ላይ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት መንገድ ላይ ተንጠባጥበው፣ አጠገባቸው ባለው የአንጀት ግድግዳ ተጣብቀው፣ ግድግዳው ሲያድግና ሲረዝም አብረው ይወሰዳሉ። ይህ ከሆነ ወፏ በእርግጥ ዘሩን ተሸክማ ሄዳለች ማለት ነው። ማብራሪያው ለጨጓራና ለትንሹ አንጀት ይበቃል። በደረት ውስጥ ለተገኘው ግን ወፏ ረጅም መንገድ መብረር ሊኖርባት ነው።

ሁለተኛው መላ ምት ዘሩ ከጥንትም መሬቱ ውስጥ ነበረ ይላል። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ቆሽትና አንጀት የሚገነቡት ከአንድ የፅንስ ንጣፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስም ሙሉውን የዘር መመሪያ ይዟል። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተገልጦ የትኛው እንደታሸገ ነው። በአይጦች ላይ የተደረጉ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናቶች፣ በ2004 እና በ2006 የታተሙት፣ ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ ሰጥተዋል። ሄስ-1 የተባለው ጂን የጎደላቸው የአይጥ ፅንሶች ቆሽት መሆን በማይገባው ቦታ፣ ማለትም በሐሞት ቱቦ፣ በጨጓራና በዱዮዲነም፣ የቆሽት ኅብረ ሕዋስ አብቅለዋል። ሄስ-1 እንደ ዘበኛ ሆኖ «እዚህ ቆሽት አይሠራም» የሚል ነው፤ ዘበኛው ሲጠፋ ፒቲኤፍ-1ኤ የተባለው የቆሽት ጂን ያለቦታው ይነሣል። አይጥ ሰው አይደለምና እያንዳንዱ ሰው ላይ የታየው ወፍ ዘራሽ በዚህ መንገድ መጣ ለማለት አይቻልም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋደለ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ለሩቆቹ ቦታዎች።

እንግዳው ሲያስቸግር

አብዛኛው ሰው ወፍ ዘራሽ ቆሽት እንዳለው ሳያውቅ ኖሮ ያልፋል። ሲያስቸግር ግን ልክ እንደ ዋናው ዕጢ ይታመማል። ሊቆጣና ሊያብጥ፣ ሊደማ፣ የጨጓራን መውጫ ሊያጠብ ይችላል። በአንጀት ላይ ከሆነ ምግብ የሚገፋው እንቅስቃሴ እብጠቱን ይዞ ይጎትተውና አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው፣ እንደሚታጠፍ እጅጌ፣ እንዲገባ ያደርጋል። ይህ አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የሚሻ አደጋ ነው። ወደ ነቀርሳ የመለወጡ ነገር በጣም ጥቂት ጊዜ ታይቷል። ምልክት የሌለው እንዲሁ ይተዋል። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሁሉ ይህን አንብቦ ራሱን እንዳይጠረጥር አደራ እላለሁ፤ የላይኛ ሆድ ማቃጠል ከዚህ ይልቅ እጅግ የተለመዱ ምክንያቶች አሉት።

ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ሲመለከት ብዙውን ጊዜ የሚያየው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ መካከሉ እንደ እምብርት የጎደጎደ ትንሽ ጉብታ ነው። ጉድጓዱ የቱቦው አፍ ነው። ችግሩ ከጉብታው ላይ ትንሽ ቆንጥሮ ወስዶ መመርመር ብዙ ጊዜ መልስ አለመስጠቱ ነው፤ ቆሽቱ የተቀበረው ከላይኛው ሽፋን በታች ስለሆነ የተቆነጠረው ጤናማ የጨጓራ ልባስ ይሆናል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳል። ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሆድ ላይ የሚደረገው የተለመደው አልትራሳውንድ በ3.5 ሜጋኸርዝ ቢሠራ የሞገዱ ርዝመት 0.44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለውን የጨጓራ ግድግዳ ንጣፎች ለመለየት አይበቃም። ወደ 20 ሜጋኸርዝ ከፍ ብናደርገው የሞገዱ ርዝመት ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሞገድ ቶሎ ስለሚዋጥ ከቆዳ ላይ ተነሥቶ እዚያ አይደርስም። መፍትሔው የድምፅ ምንጩን በኢንዶስኮፑ ጫፍ ተክሎ እስከ ጨጓራው ውስጥ መውሰድ ነው። ያን ጊዜ ጉብታው ከየትኛው ንጣፍ እንደ ተነሣ ይታያል።

ሁለት ሴኮንድ ተኩልና ሰባት ሰዓት

ወፍ ዘራሽ ቆሽት በባዕድ ቦታ የሚኖርበት ምሥጢር ደም ነው። በፅንስ ዘመን እዚያው ስላደገ ከአካባቢው የደም ሥሮች ጋር አብሮ ተሸምኗል። ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በማያልፍ ስሌት ማሳየት ይቻላል። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሕዋስ የሚደርሰው በስርገት፣ ማለትም ሞለኪውሎች ያለ አቅጣጫ እየተጋጩ በመሰራጨት ነው። ለስርገት የሚያስፈልገው ጊዜ በግምት ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ለስርገት መጠኑ ሁለት እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። በሰውነት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የኦክስጅን የስርገት መጠን በሴኮንድ ከ2 ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ብዙ አይርቅም። ርቀቱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ከሆነ ጊዜው 2.5 ሴኮንድ ይሆናል። ርቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን መቶ እጥፍ ራቀ እንጂ ጊዜው ዐሥር ሺህ እጥፍ ጨምሮ 25000 ሴኮንድ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ሕዋሳት ያን ያህል አይጠብቁም።

ይህን ልብ ብለን ወደ ኋላ እንመልከት። ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ በ1889 ሽትራስቡርግ ውስጥ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ። ሚንኮቭስኪ በ1892 አንድ እርምጃ ጨመረ። ከቆሽቱ ቁራጭ ወስዶ፣ የደም ሥሩን ሳይበጥስ፣ በውሻው ቆዳ ሥር ቀበረ፤ የቀረውን ቆሽት አወጣ። ውሻው አልታመመም። በቆዳ ሥር ያለው ቁራጭ ሲወጣ ግን በሽታው መጣ። በሰው እጅ የተዘራ የመጀመሪያው ወፍ ዘራሽ ይህ ነበር ብንል አንሳሳትም፤ ቆሽት ስኳርን ለመቆጣጠር የግድ በቦታው መሆን እንደሌለበትም አረጋግጧል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1893፣ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከበግ የተወሰደ የቆሽት ቁራጭ በቆዳው ሥር ተቀበረለት። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ቁራጩ የደም ሥር አልነበረውም፤ የባዕድ እንስሳ ሥጋም ስለነበረ የሰውነት መከላከያ ሊቀበለው አይችልም ነበር። ኢንሱሊን ተነጥሮ ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1922 በካናዳ ነው።

በጎንደር ደጋ

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ያሰለጠናቸው ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች የተሰለፉት በዋናነት እንደ ወባ ባሉ ተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። የስኳር በሽታ የከተሜ፣ የጠገበና የወፈረ ሰው በሽታ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በኋላ ግን ከገጠር የሚመጡት ሕሙማን ከዚህ ሥዕል ጋር አልገጠሙም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ የሚታየው በአብዛኛው ከእጅ ወደ አፍ በሚኖሩ፣ በጣም በቀጠኑ ገበሬዎች ላይ ነበር። በሽታው በብዛት የሚጀምረው ከ25 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ወንዶች ከሴቶች ሁለት እጥፍ ያህል ይጠቃሉ። የአካላቸው ልኬትም ዕድገታቸው በልጅነት እንደቀጨጨ ያመለክት ነበር። የጥናቱ ርእስ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚለውን መዝገብ እንደገና እንክፈተው ወይ? ይላል።

መዝገቡ ተዘግቶ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 በምደባው ውስጥ አስገብቶት በ1999 አውጥቶታል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ባንኮክ ባደረገው ጉባኤ «አምስተኛው ዓይነት» የሚል ስም ሰጥቶ መልሶታል። ክርክሩ ግን አልተቋጨም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአማራ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመ የዘር ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች በበሽታው ብርቱ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ከተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን ወጣቶች አንዱ ደሴቶቹን የገዛ ራሱ መከላከያ አጥፍቶበት፣ ሌላው ደግሞ በረኀብ ዘመን ደሴቶቹ ሳይጠነክሩ ቀርተውበት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚወጉት ያው ኢንሱሊን ነው። መጠኑ ግን የግድ አንድ አይሆንም፤ ቀጭኑና ለኢንሱሊን ቶሎ የሚታዘዘው ሰውነት ጥቂት ሲበዛበት ስኳሩ አሽቆልቁሎ ራሱን ሊስት ይችላል። ለዚህ ነው የምደባው ክርክር ወረቀት ላይ ብቻ የማይቀረው።

በእጅ የተዘራ

በካናዳ ኤድመንተን የሚገኙት ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ሥራ ከሟቾች ቆሽት የለዩአቸውን ደሴቶች ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር ለሰባት ሕሙማን አፈሰሱ። ሰባቱም ኢንሱሊን መወጋት አቆሙ። የአንድ ደሴት ስፋት በአማካይ ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብዙም አይበልጥም፤ ከላይ ያሰላነውን 2.5 ሴኮንድ ያስታውሷል። አዲስ የደም ሥር እስኪያበቅሉ ድረስ በስርገት ብቻ ሊቆዩ የሚችሉት ጥቃቅን ስለሆኑ ነው። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን የቆዩት ጥቂቶች ነበሩ። በ2025 ደግሞ ከግንደ ሕዋስ የተሠሩ ደሴቶች በጉበት ተዘርተው ሙሉ መጠን ከወሰዱት 12 ሕሙማን 10ሩ በዓመቱ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም። በቻይና በሆድ ጡንቻ ሽፋን ሥር፣ በስዊድን በክንድ ጡንቻ ውስጥ የተዘሩም አሉ። የስዊድኑ፣ ጂናቸው ተስተካክሎ መከላከያን የሚያመልጡ በመሆናቸው፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አላስፈለጋቸውም፤ ነገር ግን የተሞከረው በአንድ ሰው ላይ በትንሽ መጠን ነው።

ይህ መድኃኒት ነው ትልቁ ዋጋ። በ2025ቱ ሙከራ ከተሳተፉት 14 ሰዎች አንዱ በፈንገስ ማጅራት ገትር ሞቷል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር፣ ከጤና ጣቢያ የብዙ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ለሚኖር የደባት ወይም የወገራ ገበሬ መከላከያውን አዳክሞ መላክ ተገቢ አይመስለኝም። ለእርሱ ዛሬ ያለው ቆሽት በብልቃጥ ውስጥ ያለው ነው፤ ከስፍራው እጅግ የራቀው ወፍ ዘራሽም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በጎንደር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ክትትሉ በነርሶች አማካይነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ መደረጉ ከብዙ ረቂቅ ግኝት ይልቅ ለዚህ ሰው ቀርቦታል።

ብልቃጡም የራሱ ፊዚክስ አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ከቀዘቀዘ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2021 ባወጡት ጥናት ግን፣ በኬንያ የስደተኞች መጠለያ እንዳለው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አላጣም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃ የሚያንጠባጥብ የሸክላ ማሰሮ ይረዳል። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2400 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከማሰሮው ገጽ የተነነ 100 ግራም ውኃ፣ ከውጭ ሙቀት ባይገባ ኖሮ፣ የ10 ሊትር ውኃን ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ሊቀንስ በቻለ ነበር። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ፣ ማሰሮው ጥላና ነፋስ ባለበት ይቀመጣል። በበጋ ደረቅ አየር፣ በተለይም ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ፣ ብዙ ይጠቅማል። በክረምት አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ትነቱ ይዳከማል፤ ደግነቱ ያን ጊዜ ደጋው ራሱ ቀዝቃዛ ነው።